ምዕራፍ 6፦ ሦስት ጓጉንቸር ያለው ሣጥን

አባቴ የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ በነበረበት ዘመን አልጋው ሥር አንድ የብረት ሣጥን ይቀመጥ ነበር። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ጠርዙ የዛገ፣ ለሁለት ሰው እንኳ የሚከብድ ሣጥን ነው። ክዳኑ ላይ ሦስት ቀለበት ተበይዶ ሦስት ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። የአንዱ መክፈቻ በአባቴ፣ የሁለተኛው በሰብሳቢው፣ የሦስተኛው በጸሐፊው እጅ ነው። ሦስቱ ሰዎች አንድ ላይ ካልተገኙ ሣጥኑ አይከፈትም። ልጅ ሆኜ ነገሩ አይገባኝም ነበር። «ገንዘቡ እኛ ቤት ተቀምጦ አንተ ለምን ማውጣት አትችልም?» ብዬ ስጠይቀው፣ «እኛ ቤት የተቀመጠው ማውጣት ስለማልችል እኮ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

ሣጥኑን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሕዋስ መሐንዲሶች ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ሊሠሩት የሚታገሉት ነገር ከዚህ ሣጥን ብዙም አይርቅም። እነሱ የሚቆልፉት ገንዘብ ሳይሆን ካንሰርን የሚያፈርስ ወታደር፣ አንዳንዴም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። ጓጉንቸሮቹ ፕሮቲኖች ናቸው። ስለዚህ ሥራ በዜና የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ የመክፈቱ ወሬ ነው፤ ሕዋሱን እንዲህ አዘዙት፣ ታዘዘ፣ ተአምር ሆነ ይባላል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ዓመታት የፈጀው፣ ሰውም የሞተበት ክፍል ሌላ ነው። ሣጥኑ መከፈት በሌለበት ሰዓት ተዘግቶ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

መዝጋት ቀላል የሚመስለው ካለ የቤቱን አምፖል ሌሊት ይየው። ኤል ኢ ዲ አምፖል ያስገባ ሰው ምናልባት ገጥሞት ይሆናል፤ ማጥፊያውን ተጭኖ ከተኛ በኋላ ጣሪያው ላይ የደበዘዘ ብርሃን ይቀራል። እኔ ቤት የመጣው ኤሌክትሪሻን ሽቦውን ፈትቶ አሳየኝ። ማጥፊያው የተገጠመው ኃይል በሚያመጣው ሽቦ ላይ ሳይሆን በመመለሻው ላይ ነበር። ስለዚህ ቢጠፋም ጥቂት ኃይል ሾልካ አምፖሉ ውስጥ ታልፋለች። ለድሮው አምፖል ያቺ ኃይል ምንም አልነበረችም፤ ለአዲሱ ግን ትበቃዋለች። ይህችን ሾልካ የምታልፍ ኃይል አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

በቅድሚያ ፕሮቲን እንዴት ማብሪያና ማጥፊያ ሊሆን እንደሚችል እንይ።

በ1938 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፌሊክስ ሃውሮዊትስ የተባለ የፕራግ ባዮኬሚስት የሄሞግሎቢን ክሪስታሎችን በማይክሮስኮፕ ይመለከት ነበር። ሄሞግሎቢን ደማችንን ቀይ የሚያደርገው፣ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን ነው። ክሪስታሎቹ ኦክስጅን ያልያዙ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ጠፍጣፋዎች ነበሩ። በመስተዋቱ ጠርዝ በኩል አየር ሾልኮ ሲገባ ግን ጠፍጣፋዎቹ ዓይኑ እያየ ሟሙ። በምትካቸውም ደማቅ ቀይ መርፌዎች በቀሉ። ክሪስታል ማለት በሥርዓት የተደረደረ የጡብ ግንብ ነው። ጡቡ ቅርፁን ካልለወጠ ግንቡ ፈርሶ ሌላ ዓይነት ግንብ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ኦክስጅን ሲነካው የተለወጠው ሞለኪዩሉ ራሱ ነው ማለት ነው።

ይህን ለውጥ አቶም በአቶም ለማየት በካምብሪጅ የሠራው ማክስ ፔሩትስ አሥርታት ፈጀበት፤ የፕሮቲኖችን ቅርፅ በማጥናቱም በ1962 ከጆን ኬንድሩ ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። ሄሞግሎቢን አራት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ አንድ ኦክስጅን ይይዛል። አንደኛው ሲይዝ የሦስቱም አቋቋም ይላላና ለመቀበል ይዘጋጃሉ። ሳንባ ውስጥ አራቱም ቶሎ ይሞላሉ፤ ጡንቻ ዘንድ ሲደርሱ ተያይዘው ይለቃሉ። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው፣ አንዱ ክፍል ላይ የተደረገው ነገር እሩቅ ያለውን ሌላውን ክፍል መለወጡ ነው። ፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት የነበሩት ዣክ ሞኖና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ጠባይ አሎስተሪ የሚል ስም አወጡለት። በር ላይ ያለውን መጥሪያ ስትጫን ጓዳ ውስጥ ደወል እንደሚጮኸው ያለ ነገር ነው፤ እዚህ ግን ሽቦ የለም፤ ቤቱ ራሱ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ሁለተኛው የተፈጥሮ ዘዴ ማኅተም ነው። ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲያትል ውስጥ ጡንቻ የተከማቸ ስኳሩን እንዴት መፍታት እንደሚጀምር ሲያጠኑ፣ ኢንዛይሙን የሚቀሰቅሰው በላዩ ላይ የምትለጠፍ አንዲት ፎስፌት መሆኗን ደረሱበት። ፎስፌት ጠንካራ አሉታዊ ቻርጅ አላት፤ ፕሮቲን ላይ ስታርፍ አካባቢዋ ያለውን ሁሉ ትገፋለች ወይም ትስባለች፤ ቅርፁም ይለወጣል። ማኅተሙን የሚመቱት ኢንዛይሞች ካይኔዝ ይባላሉ፤ ሰው ውስጥ ከ500 በላይ ዓይነት አሉ። ማኅተሙን የሚፍቁት ደግሞ ፎስፋቴዝ ናቸው። ወደ ሕዋስ የሚመጣ መልእክት ብዙውን ጊዜ ከአንዱ ካይኔዝ ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ በየቢሮው ማኅተም እየተመታበት እንደሚሄድ ማመልከቻ ነው የሚጓዘው፤ ከማመልከቻው የሚለየው በሰከንዶች ውስጥ መድረሱ ብቻ ነው። የሁለቱ ሰዎች ኖቤል የመጣው በ1992 ነው።

ሦስተኛውን ዘዴ የምወደው ለዚህ ምዕራፍ ነገር በጣም ስለሚቀርብ ነው። ሂፍ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ሥራው ኦክስጅን ሲያንስ ደም እንዲበዛ፣ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ማዘዝ ነው። አንድ ሰው ይህን ሠራተኛ ሲያስፈልግ ብቻ የሚጠራ ሥርዓት ቢነድፍ ጥሩ የነደፈ ይመስለዋል። ሰውነታችን ግን እንዲህ አያደርግም። ሂፍን ሌት ተቀን ይሠራል፤ ሌት ተቀን ያፈርሳል። ኦክስጅን እስካለ ድረስ አንድ ኢንዛይም ሂፍ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክት የተደረገበት ወዲያው ተይዞ ይፈጫል። ኦክስጅን ሲጠፋ ምልክት አድራጊው ሥራ ይፈታል፤ ሂፍም ይተርፋል። ዊሊያም ኬይሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴሜንዛ የ2019 ኖቤል ያገኙት በዚህ ነው። እንዲህ ያለ ማጥፊያ ብዙ ያባክናል፤ ግን በቅጽበት ይነቃል፤ ተኝቶ ሳለም አያንጠባጥብም።   

ተፈጥሮ ይህን ሁሉ ካላት የሰው ልጅ ምን ይጨምርበታል? መጀመሪያ የጨመረው መገጣጠምን ነው።

በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወንደል ሊምና ተማሪዎቹ በ2003 ሁለት ሙከራ አሳተሙ። አንደኛው ኤን-ዋስፕ የሚባል ፕሮቲን ላይ ነው። ይህ ፕሮቲን የሕዋሱን ውስጣዊ ማገር ያስተክላል፤ ሥራ ሲፈታ ግን የራሱ ሌላ ክፍል ዞሮ አፉን ይይዘዋል። አፉ የሚለቀቀው ሁለት የተለያዩ መልእክቶች ሲደርሱት ነው። እነሊም አፍ የሚይዘውን ክፍል ቆርጠው አወጡትና ከሌሎች ፕሮቲኖች የተወሰዱ ቁርጥራጮች ተኩበት። መኪናው የመርካቶ፣ መለዋወጫው ከየጋራዡ እንደማለት ነው። ከተገጣጠሙት ውስጥ አንዳንዶቹ ሁለት አዲስ መልእክቶች አብረው ሲመጡ ብቻ አፋቸው የሚለቀቅ ሆኑ፤ አንዳንዶቹ ለአንዱም ይከፈታሉ፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ ተዘግተው አልቆዩም።

ሁለተኛው ሙከራ ጠጅና ጠላችን ውስጥ በሚፈላው በዚያው እርሾ ላይ ነው። እርሾ ተጓዳኝ ሲፈልግ የሚያሸተው ሽታ አለ፤ ጨው ሲበዛበት ደግሞ ራሱን የሚያድንበት ሌላ መንገድ አለው። ሁለቱ መንገዶች አንድ የጋራ ካይኔዝ ይጠቀማሉ። ሽታው ወደ ጨው መንገድ የማይሳሳተው በመካከል ደላላ የሆነ ፕሮቲን ስላለ ነው። ደላላው ራሱ ምንም አይሠራም፤ ሻጭና ገዢን ያገናኛል፣ ይህን ከዚያ ጋር ያስጨባብጣል። የሊም ቡድን የሁለቱን መንገድ ደላሎች ቆርጦ አጋጠማቸው። ውጤቱ የሚያስቅ ሆነ፤ የተጓዳኝ ሽታ የሸተተው እርሾ ጨው ለመቋቋም ተነሣ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት፣ ሕዋስ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር የሚወስነው በአብዛኛው ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ ነው የሚል ነው። ደላላውን የቀየረ ገበያውን ይቀይራል።

እዚህ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ነበር ማለት ይቻላል። የሞተ ቢኖር እርሾ ነው።

በዚሁ ጊዜ ሌሎች ሰዎች የሰውን የበሽታ መከላከያ ወታደር፣ ቲ ሴልን፣ ሊያሠለጥኑ ይሞክሩ ነበር። የሬሆቮቱ ቫይዝማን ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ዘሊግ ኤሽሃር በ1989 ከባልደረቦቹ ጋር ፀረ እንግዳ አካል ጠላቱን የሚለይበትን ዓይን ወስዶ ከቲ ሴል የማጥቂያ ክንድ ጋር አያያዘው። ይህ የተዳቀለ ተቀባይ ካር ይባላል። ብዙ ዓመት ተሻሻለ፤ በ2012 ፊላዴልፊያ ውስጥ የካርል ጁን ቡድን የሠራቸውን ሕዋሳት የወሰደች አንዲት የ6 ዓመት ልጅ ከደም ካንሰሯ ዳነች። ከመዳኗ በፊት ግን ሕዋሳቱ የቀሰቀሱት እሳት ሊገድላት ተቃርቦ ነበር። ያተረፋት ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በ2017 ሕክምናው በአሜሪካ ተፈቀደ፤ የወጣለት ዋጋ 475,000 ዶላር ነበር።

ይህ ስኬት አንድ እድል ነበረው። ሕዋሳቱ ፈልገው የሚያጠቁት ሲዲ-19 የሚባለው ምልክት በካንሰሩ ላይም፣ ሌሎች የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት በሆኑት በጤነኛ ቢ ሴሎች ላይም አለ። ሁለቱንም ያጠፋሉ፤ ግን ሰው ያለ ቢ ሴል በሐኪም ድጋፍ መኖር ይችላል። ያለ ሳንባ ግን አይችልም።

በ2010 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ሐኪሞች አንድ ሪፖርት አሳተሙ። የአንጀት ካንሰሯ ወደ ሳንባና ጉበት ለተዛመተ ሕመምተኛ 10 ቢሊዮን የተሻሻሉ ቲ ሴሎች ይሰጧታል። ሕዋሳቱ ፈልገው የሚያጠቁት ኸር-2 የሚባል፣ ካንሰሩ ላይ በብዛት የሚገኝ ምልክት ነው። በ15 ደቂቃ ውስጥ መተንፈስ አቃታት፤ ከ5 ቀን በኋላ አረፈች። ሐኪሞቹ የደረሱበት ምክንያት ይህ ነው፦ ኸር-2 በሳንባ ጤነኛ ሕዋሳት ላይም በጥቂቱ አለ። ኸር-2ን ለሚያጠቃው የድሮ መድኃኒት ያ ጥቂት ነገር ምንም አልነበረም። ለነዚህ ስለታም ወታደሮች ግን በቃቸው። የአምፖሉ ነገር ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ጥያቄ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው፣ ነገሩ ከተበላሸ እንዴት እናስቁመው? ለዚህ መልሱ ቀድሞ ተጀምሮ ነበር። ስቱዋርት ሽራይበርና ጄራልድ ክራብትሪ በ1993 ሁለት ፕሮቲኖችን በአንድ ትንሽ ሞለኪዩል ማጨባበጥ እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ደላላው አሁን መድኃኒት ነው። ሂዩስተን ውስጥ ያሉ ሐኪሞች ይህን ዘዴ ካስፔዝ-9 ከሚባለው ፕሮቲን ጋር አጋቡት። ካስፔዝ-9 ብቻውን ሲሆን ሰላማዊ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያዛሉ። የመቅኔ ንቅለ ተከላ ከተደረገላቸውና ይህ የተገጠመላቸውን ቲ ሴሎች ከወሰዱ ሕመምተኞች አራቱ ላይ ሕዋሳቱ የተቀባያቸውን አካል ማጥቃት ጀመሩ። አንድ ጊዜ መድኃኒቱ ሲሰጣቸው በ30 ደቂቃ ውስጥ ከተሻሻሉት ሕዋሳት ከ90 ከመቶ በላይ ጠፉ፤ ጥቃቱም ቆመ። ሪፖርቱ የወጣው በ2011 ነው። ድንቅ ሥራ ነው፤ ግን እንደ እሳት አደጋ መኪና ነው። ቤቱ ሲቃጠል ይደርሳል፤ ቤቱ እንዳይቃጠል አያደርግም። ደግሞም ሕክምናውን አብሮ ያጠፋዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የእድሩ ሣጥን ጥያቄ ነው። ወታደሩ አንድ ምልክት አይቶ ከመተኮስ ይልቅ ሁለት ምስክር እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል?

በ2016 የሊም ቡድን ሲንኖች የሚባል ተቀባይ ይዞ መጣ። መነሻው ኖች የሚባል የተፈጥሮ ፕሮቲን ነው፤ ስሙን ያገኘው ጉድለቱ ያለባቸው ዝንቦች የክንፋቸው ጠርዝ ተቆርሶ ስለሚታይ ነው። ኖች ከሕዋሱ ቆዳ ላይ ወጣ ብሎ ይቆማል። ጎረቤት ሕዋስ ይዞ ሲጎትተው መሐሉ ይዘረጋና ተሰውሮ የነበረ ቦታ ይጋለጣል፤ መቀስ የሆኑ ኢንዛይሞች እዚያ ቦታ ይቆርጡታል፤ የተቆረጠው ውስጠኛ ጫፍ ወደ ኒውክለስ ሄዶ ጂን ያበራል። እነሊም መሐሉን ትተው ሁለቱንም ጫፍ ቀየሩት። ውጪው የፈለጉትን ምልክት ያያል፤ ውስጡ የፈለጉትን ጂን ያዛል። ከዚያ ሁለቱን ምስክሮች አቀናጁ፤ የመጀመሪያው ምልክት ሲታይ ሲንኖች ቲ ሴሉን «አሁን ካር ሥራ» ይለዋል፤ ካሩ ደግሞ ሁለተኛውን ምልክት ሲያይ ይተኩሳል። አይጦች ላይ ሠራ።

ችግሩ ጊዜ ነው። ጂን በርቶ ፕሮቲን እስኪሠራ ሰዓታት ይፈጃል፤ የተሠራው እስኪጠፋም እንዲሁ። አንድ ጊዜ የታጠቀ ቲ ሴል ከዕጢው አጠገብ ወዳለ ጤነኛ አካል ጠጋ ቢል ጠመንጃው አሁንም በእጁ ነው። በ2019 የታተመ የአይጥ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ ጤነኛው ሕብረ ሕዋስ ከዕጢው ራቅ ሲል ተጠበቀ፣ አብሮ ሲገኝ ግን ተጎዳ። ከእድሩ ሣጥን አንጻር ሰብሳቢው ጠዋት መጥቶ ጓጉንቸሩን ከፍቶ እንደ ሄደ፣ ጸሐፊው ደግሞ ማታ ሌላ ቦታ እንደ ከፈተ ቁጠሩት። ምስክሮቹ ሁለት ናቸው፤ ግን አብረው አልቆሙም።

በ2019 ሲያትል ካለው የዴቪድ ቤከር ላብራቶሪና ከሳን ፍራንሲስኮዋ ሃና ኤል-ሳማድ ቡድን የመጣው መፍትሔ ግን ከየትኛውም ፍጡር የተቀዳ አይደለም። ቤከር በ2024 ከዴሚስ ሃሳቢስና ከጆን ጃምፐር ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘው፣ ተፈጥሮ ጨርሶ ያልሠራቻቸውን ፕሮቲኖች በኮምፒዩተር ስለሚነድፍ ነው። ማብሪያው ሎከር ይባላል። እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት የመስቀልን ችቦ አስቡ።

ስድስት ዘንግ ያለው ችቦ ነው። አምስቱ ጠንክረው ታስረዋል፤ ስድስተኛው በመካከላቸው ባለው ቦይ ገብቶ ተኝቷል። የስድስተኛው ዘንግ ሆድ ላይ አንድ መልእክት ተጽፏል፤ ለምሳሌ «ይህን ፕሮቲን አፍርሱ» ወይም «እዚህ ኑና ያዙ» የሚል። ዘንጉ በቦዩ ውስጥ እስከ ተኛ ድረስ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ስለሆነ የሚያነበው የለም። አሁን ከውጪ ሌላ ዘንግ ይመጣል፤ ይህ ቁልፉ ነው። ቁልፉ ለቦዩ ከስድስተኛው ዘንግ የበለጠ ይስማማል። ጫፉን ያስገባል፣ እየገፋ ይገባል፣ ያንን አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል። የተገፋው ዘንግ ወደ ውጪ ተንጠልጥሎ ጽሑፉ ይነበባል።

ጥበቡ ሁሉ ያለው ስድስተኛው ዘንግ ምን ያህል ጠብቆ ይታሰር በሚለው ላይ ነው። በጣም ከጠበቀ ቁልፉ አያስወጣውም። ከላላ ደግሞ ማንም ሳይገፋው ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ያች ሾልካ የምታልፍ ኃይል ትመጣለች። ንድፍ አውጪዎቹ ዘንጉን በትንሹ አሳጠሩት፤ ቁልፉ የሚጀምርባት ጥቂት ባዶ ቦታ እንድትገኝ ነው። ከዚያም በዘንጉ ላይ ያሉትን አሚኖ አሲዶች አንድ በአንድ እየለወጡ አጥብቀውና አላልተው ሞከሩት። የጓዳ በር የሚገጥም አናጢ ማጠፊያውን በስክሩ አንድ ዙር አንድ ዙር እያለ እንደሚያስተካክለው ነው። ከተፈጥሮ በተቀዳ ፕሮቲን ይህን ያህል ማስተካከል በጣም ከባድ ነው፤ አንዱን ስትነካ ሌላው ይፈርሳል፤ ስንት ነገር አብሮ እንደተያያዘ አይታወቅማ። ከባዶ የተሠራ ነገር ላይ ግን እያንዳንዱ አቶም ለምን እዚያ እንዳለ የሠራው ሰው ያውቃል። እኔ የዚህን ሥራ ትልቅነት የማየው እዚህ ላይ እንጂ «ሰው ሠራሽ» በመባሉ ላይ አይደለም።

በዓመቱ፣ በ2020፣ ለችቦውና ለቁልፉ የተለያየ ምልክት ሰጧቸው። ችቦው አንዱን የካንሰር ምልክት ፈልጎ ይይዛል፤ ቁልፉ ሌላውን። ሁለቱ ምልክቶች አንድ ሕዋስ ላይ ካሉ ችቦና ቁልፍ ጎን ለጎን ይሆናሉ፤ ዘንጉ ይገፋል፣ ጽሑፉ ይታያል፣ ጽሑፉን እንዲያነብ የተሠራው ቲ ሴል ይመጣል። ሕዋሱ አንድ ምልክት ብቻ ካለው ችቦው ብቻውን ወይም ቁልፉ ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጂን የሚበራበት ሰዓት የለም፤ ሁሉም የሚያልቀው ሕዋሱ ቆዳ ላይ ነው። ምስክሮቹ አብረው ካልቆሙ ነገሩ አይነበብም። ይህ የታየው ላብራቶሪ ሳህን ላይ መሆኑን መደበቅ ግን አያስፈልግም። ሕመምተኛ አልጋ ዘንድ እስኪደርስ፣ ሰውነት ይህን ከዚህ በፊት ዓይቶት የማያውቀውን ፕሮቲን እንደ ጠላት ይቆጥረው እንደሆነ መፈተሽ አለበት። ሌሎችም በሌላ በኩል እየመጡ ነው፤ ሂዩስተን ባለው ራይስ ዩኒቨርሲቲ የኬሌብ ባሾር ቡድን በ2025 መጀመሪያ ያሳተመው ሥራ፣ በሰው ሕዋስ ውስጥ የፎስፌት ማኅተም የሚመቱና የሚፍቁ አዲስ መስመሮችን ዘርግቶ መልእክቱን በደቂቃዎች ውስጥ ያደርሳል። ፊሸርና ክሬብስ ያገኙት ማኅተም አሁን የሚቀረጸው በሰው እጅ ነው።

ሆኖም የሁለት ምስክር ሕግ የራሱ መከራ አለው። ይህን ያየሁት ከሳይንስ መጽሐፍ በፊት እኛ ቤት ነው።

አንድ ቅዳሜ ከበታቻችን ያሉ ሽማግሌ አረፉ። እድሩ ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠውን ገንዘብ የዚያኑ ዕለት መስጠት አለበት፤ ሬሳ ሣጥኑ፣ ቆፋሪው፣ ንፍሮው የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ሰብሳቢው መጡ፤ አባቴ መክፈቻውን አወጣ። ጸሐፊው የሉም። ለወንድማቸው ሠርግ ደሴ ሄደዋል፤ መክፈቻውም ከሱሪያቸው ጋር ደሴ ነው። በዚያ ጊዜ በኪስ የሚያዝ ስልክ አልነበረም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ሬሳ እንግዲህ ጸሐፊ እስኪመጣ ይጠብቃል እንዴ?» ስትል አባቴ መልስ አልነበረውም። ኮቱን ደርቦ ከሱቅ ሱቅ ብድር ሲለምን አመሸ።

ካንሰር ይህን ቀዳዳ ያውቀዋል። ሲዲ-19ን በሚያጠቃ ሕክምና የዳኑ አንዳንድ ሰዎች ላይ በሽታው ሲመለስ ያ ምልክት ጠፍቶበት ይመለሳል፤ ምልክቱን የተዉት ሕዋሳት ናቸው ተርፈው የተባዙት። ሁለት ምልክት ግድ የሚል ወታደር ከሆነ ደግሞ ካንሰሩ ለማምለጥ ከሁለቱ አንዱን መጣል ይበቃዋል። ጥንቃቄው በጨመረ ቁጥር ማምለጫውም ይጨምራል።

እድሩ በቀጣዩ ስብሰባ ተጨቃጨቀ። አንዱ ሦስተኛው ጓጉንቸር ጭራሽ ይነሣ አለ፤ ሌላው መክፈቻው ይባዛ አለ፤ አባቴ ሁለቱንም እምቢ አለ። መፍትሔውን ያመጡት ብረት ቤት የሚሠሩ አንድ አባል ናቸው። የጸሐፊውን ጓጉንቸር ከቀለበቱ አወጡና በምትኩ አጭር ሰንሰለት አሳለፉበት። የሰንሰለቱን ሁለት ጫፎች ያገናኙት በሁለት ጓጉንቸር ነው፤ የጸሐፊው ጓጉንቸር በአንዱ ጫፍ፣ የምክትል ሰብሳቢው በሌላው፣ ሁለቱ ደግሞ እርስ በርስ ተቆላልፈው። ከሁለቱ አንዱ ሲከፈት ሰንሰለቱ ይለቃል። ማለትም ወይ ጸሐፊው ወይ ምክትሉ ይምጣ፤ ሰብሳቢውና ገንዘብ ያዡ ግን የግድ ይኑሩ።

የ2020ው ሥራ ውስጥ ሰንሰለቱ አለ። ንድፍ አውጪዎቹ ሦስት ምልክት የሚያዩ ችቦዎችን ሠርተዋል። ከሦስቱ አንዱ የግድ ሲሆን ከቀሩት ሁለት አንዱ ይበቃል፤ ካንሰሩ ከእነዚህ ሁለቱ አንዱን ቢጥል በሌላው ይያዛል። ሌላ ዓይነትም አለ፤ ሁለቱ ምልክቶች ቢኖሩ እንኳ ሦስተኛው «ይህ ጤነኛ ነው» የሚለው ምልክት ካለ ቁልፉን የሚያሰናክል አሳሳች ፕሮቲን ይመጣና ነገሩ ሳይነበብ ይቀራል።

የእኛ ሣጥን እስከማስታውሰው ድረስ ከዚያ ወዲያ አላሳፈረንም። አባቴ ግን ሰንሰለቱን አላመነውም። ማታ ማታ ከመተኛቱ በፊት እጁን አልጋው ሥር ሰዶ አንድ ሁለቴ ጎተት ያደርገው ነበር፤ የብረቱ ድምፅ እስከ እኛ መኝታ ድረስ ይሰማል። ሲጎትተው እንቢ ካለው በኋላ ነው መብራቱን የሚያጠፋው።